«ቢያደርጉት ይሻላል» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ቀለም ወዳድ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ድጋፍ ሠራተኛ ነኝ፤ የምጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በሥራም በዕድሜም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባዬ ኮምፒውተራቸው እንግዳ ድምፅ እያሰማ ፋይል ለመክፈት እንደሚዘገይባቸው ጻፉልኝ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ነው። እኔም እንዲህ ስል መለስኩ፦

«ኢት ካን ቢ ዘ ሃርድ ዲስክ። ዩ ሃድ ቤተር ኮፒ ዩር ፋይልስ ቱዴይ። አይ ሰጀስት ዩ ቱ ኖት ኢንስቶል ኤኒቲንግ።»

በልቤ የነበረው «ሃርድ ዲስኩ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሎችዎን ዛሬ ቢገለብጡ ይሻላል፤ ለጊዜው ምንም ፕሮግራም ባይጭኑ ጥሩ ነው» የሚል ነበር። እሳቸው ግን «ማስፈራሪያ ነው?» ብለው መለሱልኝ። አጠገቡ የፈገግታ ምልክት አለ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያሳፍረኝ ዋለ። ዕቃውን ሳላየው እርግጠኛ መምሰል አልፈልግም፣ ትልቅ ሰው ማዘዝም አልፈልግም፤ ምክሬ ቸል ተብሎ ፋይላቸው እንዲጠፋም አልሻም። ምን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ያሳተችሽ «ይሻላል» የምትለዋ ቃል ናት። በእኛ ቋንቋ «ቢገለብጡ ይሻላል» ስንል «ቢ» የምትለዋ ፊደል ምርጫውን ለሰውየው ትታለታለች፤ ቢፈልግ ያደርገዋል፣ ባይፈልግ ይተወዋል። «ቤተር» ደግሞ «የተሻለ» ማለት ስለሆነ ሁለቱ እኩል ይመስላሉ። አይደሉም። «ሃድ ቤተር» ያልተነገረ «አለዚያ» አዝላ ነው የምትሄደው። እናት ልጇን «እጅህን ብትታጠብ ይሻልሃል!» ብላ ጣቷን ስትቀስር የሚሰማው ድምፅ ነው። ለራስሽ ስትናገሪ («አሁን ብሄድ ይሻላል» እንደማለት) ወይም ለቅርብ ጓደኛ ችግር የለበትም፤ ለበላይ ሲጻፍ ግን ይጎረብጣል። «ሃድ» ያለፈ ጊዜ ብትመስልም የምትናገረው ስለ አሁንና ስለ ወደፊት ነው። ከኋላዋ «ቱ» አለመጨመርሽ ግን አስደስቶኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ ብዕር የሰረዝኩት ስሕተት ነው።

ሌላው ነገር፣ የዛሬው እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው «ዩ» ነው። ስለዚህ እኛ በተውላጠ ስምና በግሥ የምናሳየውን አክብሮት እነሱ በአብዛኛው «ውድ»፣ «ኩድ»፣ «ማይት» በሚሏቸው ረዳት ግሦች ያሳዩታል። እኔ ብሆን ፋይሎቹን ዛሬ እገለብጥ ነበር ለማለት «አይ ውድ ኮፒ ዘ ፋይልስ ቱዴይ» በዪ። ነገሩን በራስሽ ላይ አድርገሽ ስትናገሪ ማንም አይቀየምሽም።

«ሹድ»ንም አትፍሪያት። «አለበት» ብለን ስለተማርናት ትእዛዝ ትመስለናለች። እሷ ግን ከ«መስት» እና ከ«ሃቭ ቱ» ትለዝባለች፤ ፊቷ ላይ «አይ ቲንክ» ብትጨምሪ በባልደረቦች መካከል ጨዋ ምክር ናት።

መፍቻ፦

መምህር ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ልስላሴም ዋጋ ያስከፍላል። እኔም የአንቺው ሙያ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ኮፒ ዩር ፋይልስ» ብዬ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው ይህ የታወቀ የትሕትና ምክር ነው፤ «ቢገለብጡ ጥሩ ነው» እንደማለት። ሰውየው ግን እንደኔው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ነበርና «ምናልባት ይፈልጉ ይሆናል» ብሎ በቁሙ ተረጎመው። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አለኝ። ዲስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ፤ እኔም እስከ ዛሬ ያቺን ዐረፍተ ነገር አልረሳትም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ ጥርጣሬዬን በምክንያቱ ላይ አሳርፋለሁ፣ እርምጃውን ግን በጥርጣሬ አልሸፍነውም። የድምፁን መንስኤ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ «ኩድ ቢ» እላለሁ። ፋይል መገልበጥ እንደሚያስፈልግ ግን አልጠራጠርም፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሚጎዳ ነገር የለውም። ስለዚህ «ፕሊዝ ኮፒ ዩር ፋይልስ ቱዴይ» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ፤ «ቢኮዝ» ብዬ ምክንያቱን አስከትላለሁ። ምክንያት የተነገረው ሰው ታዘዝኩ ብሎ አያኮርፍም። ሁለቱን ቦታ የሚያምታታ ሰው ነው ወይ አዛዥ ወይ ፈሪ የሚመስለው።

ትርጁማን፦

እህቴ፣ ከ«ሃድ ቤተር» ሌላ ሁለት የሰዋስው እንቅፋት አሉብሽ።

«ኢት ካን ቢ» የመጣችው ከአማርኛው «ሊሆን ይችላል» ነው፤ «ይችላል» ሲባል እጃችን ወደ «ካን» ይሄዳል። «ካን ቢ» በጠቅላላው የሚያጋጥምን ነገር ነው የምትናገረው፦ አሮጌ ዲስኮች አንዳንዴ ይጮኻሉ፣ ክረምት አንዳንዴ ይከብዳል ለማለት። አሁን ፊት ለፊታችን ስላለው አንድ ነገር ስንገምት «ኢት ኩድ ቢ»፣ «ኢት ሜይ ቢ» ወይም «ኢት ማይት ቢ» ነው የሚባለው። «ሊሆን አይችልም» ሲሆን ግን «ኢት ካንት ቢ» ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፣ አትገረሚ። ደግሞ «ሜይ ኖት» ላይ ተጠንቀቂ። «ዩ ሜይ ኖት ኦፕን ዘ ፋይል» ብትዪ «ፋይሉን እንዳትከፍት» የሚል ክልከላ ነው። ላይከፈትልህ ይችላል ለማለት «ዩ ማይት ኖት ቢ ኤብል ቱ ኦፕን ኢት» በዪ።

ሁለተኛው «ሰጀስት ዩ ቱ» ነው። «ሰጀስት» ሰውን አስከትላ «ቱ» አትቀበልም። ወይ «አይ ሰጀስት ዛት ዩ ዌይት» ወይ «አይ ሰጀስት ዌይቲንግ» ነው። «አድቫይዝ» ግን «አይ አድቫይዝ ዩ ቱ ዌይት» ትላለች፤ ሰዉን ግራ የምታጋባው እሷ ትመስለኛለች። ስም ስትሆን በ«ስ» ድምፅ «አድቫይስ» ናት፤ ብዙ ቁጥር የላትም፣ «አድቫይስስ» አይባልም። «ቢያዩት አይከፋም» ለማለት ደግሞ «ኢት ማይት ቢ ወርዝ ቼኪንግ» ውብ አባባል ነው። እዚህም «ወርዝ ቱ ቼክ» አይባልም።

የሰነድ አርታኢ፦

መምህር ስለ «ሹድ» ያሉት በደብዳቤ ውስጥ ልክ ነው። በቴክኒክ ሰነድ ግን ቃላቱ እንደ ውል ናቸው። የኢንተርኔት መመዘኛዎች የሚከተሉት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2119 የተባለ ሰነድ «መስት»ን የግድ፣ «ሹድ»ን በቂ ምክንያት ካለና መዘዙ ከታሰበበት ሊታለፍ የሚችል፣ «ሜይ»ን ፍጹም ፈቃድ ብሎ ደንግጓል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 8174 ደግሞ ይህ ትርጉም የሚሠራው ቃላቱ በትልልቅ ፊደል ሲጻፉ ብቻ መሆኑን ግልጽ አደረገ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ለግዴታ «ሻል»፣ ለምክር «ሹድ» ይላል። ሰው ለሰው በሚጽፈው ደብዳቤ «ሻል» ብትዪ ግን ነጋሪት የሚጎሰም ይመስላል።

ቀለም ወዳድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ እርስዎ ስለ «ይሻላል» ያሉትን ሳነብ እስከ ዛሬ ስንቱን ሰው እንዳስፈራራሁ አሰብኩና ሳቄ መጣ። እንደገና ጽፌዋለሁ፤ እስቲ እዩልኝ፦

«ሜይቢ ኢት ኩድ ፖሲብሊ ቢ ዘ ሃርድ ዲስክ፣ በት አይ ካንት ቢ ሹር አንቲል አይ ሲ ኢት። ፕሊዝ ኮፒ ዩር ፋይልስ ቱዴይ፣ ቢኮዝ ኢፍ ዘ ዲስክ ፌይልስ፣ ዊ ማይት ኖት ቢ ኤብል ቱ ጌት ዜም ባክ። አይ ውድንት ኢንስቶል ኤኒቲንግ ፎር ናው።»

ትርጁማን፦

ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ደርሷል። «ሜይቢ»፣ «ኩድ»፣ «ፖሲብሊ» ሦስቱ አንድ ላይ «ምናልባት ሳይሆን አይቀርም ይሆናል» እንደማለት ነው። «ኩድ» ብቻውን ይበቃል፤ ደግሞም አላየሁትም ብለሽ ወዲያው ተናግረሻል።

መፍቻ፦

ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ወደ ላይ አውጪው። ሥራ የበዛበት ሰው ከመጀመሪያው መስመር አያልፍም፤ ስለ ድምፁ ኋላ ያነበዋል።

ቀለም ወዳድ፦

አወጣሁት፣ ላክሁትም። «እየገለበጥኩ ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለዋል። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፦ ወደፊት «ፕሊዝ» ላይ «ካይንድሊ» ብጨምርበት አክብሮቱ ይበዛል?

ጡረተኛው መምህር፦

አይበዛም ልጄ። አንዷ ትበቃለች፤ «ካይንድሊ»ን ተያት። ለአንዳንዱ ጆሮ የተቆጣ ጸሐፊ ትመስላለች።