ኒካህም ቁርባንም ያልነበረው የእናቴ ጋብቻ በሕግ ይታወቃል?

የኮምቦልቻ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ወገኖች። ጭንቅ ላይ ነኝና የምታውቁ እርዱኝ። አባዬ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። እማዬ የጡረታውን ጉዳይ ልታስፈጽም ብትሄድ «የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጪ» ተባለች። የላትም። ኖሯትም አያውቅም።

የተጋቡት በ1976 ዓ.ም. ኮምቦልቻ አካባቢ ነው። አባዬ ሙስሊም፣ እማዬ ክርስቲያን። ወሎን የሚያውቅ አይገርመውም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ሼሁም ቄሱም ባሉበት ተመርቀው ተጋቡ። ሁለት ሰንጋ ታረደ፤ አንዱ በሙስሊም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ማናቸውም ሃይማኖታቸውን ስላልቀየሩ ኒካህ አልታሰረም፣ ቁርባንም የለም። ማዘጋጃ ቤትም አልሄዱም። ኋላ አዲስ አበባ ገብተው እኛን አራት ልጆች ወለዱ።

አሁን ደግሞ አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ «ኒካህ ያልታሰረላት ሚስት አትባልም፤ ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይ» ማለት ጀምሯል። የምንኖርባት ቤት በአባዬ ስም ናት። እማዬ ሌሊት ቁጭ ብላ «ታዲያ እኔ ምኑ ነበርኩ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ጡረተኛው ዳኛ፦

ልጄ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ለእናትሽ መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው፦ ሚስት ነበሩ። ወረቀት የጋብቻ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ ጋብቻው አይደለም።

በአገራችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ በሕግ ይታወቃል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም፣ በባህል ሥርዓት የሚፈጸም። ወላጆችሽ የተጋቡት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነው፤ ያም ሕግ ሦስቱንም ይቀበል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሦስቱንም ይዞ ቀጥሏል። የአማራ ክልል በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣም ሦስቱን አልነካም። የእናትሽ ሦስተኛው ነው። ሽማግሌ፣ ስምምነት፣ ምርቃት፣ ድግስ፤ ባህላዊ ጋብቻ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ በምን ይረጋገጥ? የምስክር ወረቀት ከሌለ ሕጉ «የባልና ሚስትነት ሁኔታ» የሚለው አለ። ሁለቱ ራሳቸውን ባልና ሚስት ብለው ከኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ካያቸው፣ ይህ በምስክር ተሰምቶ ፍርድ ቤት ጋብቻውን ያረጋግጣል። አቤቱታ ይጻፍና ይቅረብ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው መዝገብ ቤት ጠይቂ፤ እዚያው ይነግሩሻል።

አንድ ነገር አደራ። አቤቱታ ጸሐፊው «እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ነበር» ብሎ እንዳይጽፍልሽ። ይህ በሕጉ ጋብቻ ሳይፈጸም አብሮ መኖር የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እዚያም ላይ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው ከኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ሚስትነት ግን አይደለም፤ ለጡረታው የምትፈልጉት ደግሞ ሚስትነቱን ነው። «በ1976 ዓ.ም. በባህላዊ ሥርዓት ተጋብተው» ተብሎ ይጻፍ።

እናት ባንክ አይደለም፣ እናት ብቻ፦

እህቴ እኔም ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ሄጄ ነበር፣ ለእናቴ። ምስክር ቢያንስ አራት ሰው አዘጋጂ። ሰርጉ ላይ የነበረ ሰው በሕይወት ካለ ወርቅ ነው። ጎረቤትም ጨምሪ፤ የአባትሽ ዘመድ ከተገኘማ በጣም ጥሩ።

ወረቀት የለንም አትበሉ፣ ፈልጉ። የእድር መዝገብ ላይ የባለቤት ስም ይጻፋል። የቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ አለ። የእናንተ የልደት ወረቀት አለ። ከሁሉ በላይ ግን የአባትሽ መሥሪያ ቤት ሄደሽ የግል ማህደሩ ይውጣልኝ በይ። ሠራተኛ ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላል፤ እዚያ ላይ «ያገባ/ያላገባ» እና የሚስት ስም የሚል ቦታ አለ። እኛን ያዳነን ያ ቅጽ ነው።

የጠበቃ ገንዘብ ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች በነፃ ያግዛል።

አቡ ሀናን፦

አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ። እኔ የምናገረው ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው፤ የፌዴራሉ በ1992 በአዋጅ 188። ግን ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ይህንኑ ይላል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አልፈቀድኩም ስትል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውርሷን ያየባትን ሴት ውሳኔ ሽሮላታል። እናትሽ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው። አጎትሽ ስለፈለገ ብቻ የሚሆን ነገር የለም።

ብቻ መጥሪያ ከመጣ ዝም ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ! መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። ሂዱና «አንፈቅድም» በሉ፤ መልሳችሁ በጽሑፍ መያዙን ሳታዩ አትውጡ።

ጡረተኛው ዳኛ፦

አቡ ሀናን ትክክል ነው። ስለ ቤቱም ልጨምር። በእኛ ሕግ ሚስት ኑዛዜ ከሌለ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ነገር ግን በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናትሽ ነው። ውርስ የሚሆነው የአባትሽ ግማሽ ነው፤ እሱን አራታችሁ ልጆች እኩል ትካፈላላችሁ። ልጆች እያሉ ወንድም አይወርስም። አጎትሽ ይህን ያወቀ አይመስለኝም። በሽማግሌ ፊት በቀስታ ይነገረው፤ ነገሩ ያለ ክርክር ሊበርድ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጥያቄው የእኔ ባይሆንም ለሌሎች ይጠቅማል። እኛ በቁርባን ነው የተጋባነው፣ አላስመዘገብንም ነበር። ባለቤቴን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ስጀምር የምስክር ወረቀት ተጠየቅኩ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን በመሠረቱ የሚያየው ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና መሆኑን ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ማስረጃ ይዛ ወረዳ ሄዳ ዘግይታ አስመዘገበች፣ ወረቀቱ ተረጋግጦ መጣልኝ። የጋብቻ ቀን የሚለው ላይ የሰርጋችን ቀን መጻፉን አይታ ነው የተረከበችው። እናንተም እዩት፤ የምዝገባው ቀን እዚያ ቦታ ገብቶ የተቸገረ ሰው አውቃለሁ።

እናት ባንክ አይደለም፣ እናት ብቻ፦

ገና በሕይወት ያሉ ወላጆች ያሏችሁ፣ ሁለቱም እያሉ ወሳኝ ኩነት ይዛችኋቸው ሂዱ። በምዝገባ ሕጉ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ቢዘገይም ግን ይመዘገባል። ሁለቱ ቆመው ሲፈርሙና አንዷ ለብቻዋ ምስክር ስትፈልግ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

የኮምቦልቻ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

ማህደሩ ወጣ። አባዬ በ1979 በገዛ እጁ የሞላው ቅጽ አለ። «የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ» ይላል፤ ከሥሩ የእማዬ ስም እስከ አያቷ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያችን የታጠፈች ጽሑፉን። ፎቶ ኮፒውን ለእማዬ ሳሳያት ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነስታ ቡና አቀረበች፤ ካረፈ ወዲህ በእጇ አፍልታ አታውቅም ነበር።

ምስክር ሦስት ጎረቤት አግኝተናል። አራተኛው ያኔ በአባዬ በኩል ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ናቸው። 86 ዓመታቸው ነው። ስልክ ስደውል «የቱ ሰንጋ በማን እጅ እንደታረደ ሁሉ እናገራለሁ» አሉኝ። ሐሙስ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ።