«ቹልፓ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ፊደል ለቃሚ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፔሩ ደጋ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ቹልፓ» ላይ ተገትሬያለሁ። ከፑኖ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ኡማዮ ሐይቅ ዳር ሲሉስታኒ ላይ የቆሙ ክብ የድንጋይ ማማዎች ናቸው። ኮያ የሚባለው ሕዝብ፣ ኢንካዎች ሳይመጡበት ጀምሮ፣ የሞቱ መኳንንቱን ይቀብርባቸው ነበር። ረጅሙ 12 ሜትር ገደማ ነው። «ሐውልት» ልበለው ወይስ «የመቃብር ግንብ»?

ባለ ድርሳን፦ ሐውልት አይሆንም። ሐውልት ሲባል አንባቢ አክሱምን ያስባል፤ እሱ ድፍን ድንጋይ ነው። ቹልፓ ውስጡ ክፍት ነው፤ በምሥራቅ በኩል ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባባት ጠባብ በር አለችው። ግንብ ሲሉኝ ደግሞ ጎንደር ነው የሚመጣብኝ።

ሰምና ወርቅ፦ ቃሉ መጀመሪያውኑ የድንጋይ ስም አይመስልም። ቤርቶኒዮ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1612 ባሳተመው የአይማራ፣ ማለት የዚያ ደጋ ሕዝብ ቋንቋ፣ መዝገበ ቃላት ቹልፓን ሲፈታ መቃብር ይልና፣ ሙታን የሚከተቱበት ትልቅ ቅርጫትም ይለዋል። የዚያ አገር ሰው ሬሳውን ጉልበቱን ከደረቱ አጣጥፎ በተጎነጎነ ሣር ይሸፍነው ነበርና። ማማው ሌላ ስም ነበረው፤ «አማያ ኡታ»። አማያ ሬሳ፣ ኡታ ቤት። የመጠቅለያው ስም ቤቱን ወረሰው ማለት ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ ሰሌን በሉኛ! አያቴን በሰሌን ጠቅልለው ሲቀብሯቸው አይቻለሁ። ግን 12 ሜትር ድንጋይ እንዴት ሰሌን ይባላል?

ሰምና ወርቅ፦ አይባልም፤ የቃሉን ጉዞ ለማሳየት ነው። ለትርጉሙ «መቃብር ቤት» አለልዎት፣ በየደብሩ ቅጥር የምናውቀው። «ሬሳ ቤት» ብቻ እንዳይሉ፣ ሆስፒታል ያስገቡናል።

ባለ ድርሳን፦ መቃብር ቤት እኔም ይስማማኛል፤ ግን ቹልፓ የሚለውን አይጣሉት። ለዛሬዎቹ አይማራዎች ቃሉ የሰውም ስም ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በጨለማ የኖረ ቹልፓ የሚባል ትውልድ ነበር ይላሉ። በምዕራብ ትወጣለች ብሎ፣ እንዳታገኘው የቤቱን በር ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ እሷ ግን በበሩ በኩል ወጥታ አቃጠለችው። ይህን «መቃብር ቤት» አይሸከመውም።

ፊደል ለቃሚ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ላይ «ቹልፓ የተባለው መቃብር ቤት» ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ቹልፓ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሰሌኑን ነገር በግርጌ ማስታወሻ አስገባዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።