ፓራፋንጎው የተነሳ ፒክአፕ በሕዝብ መንገድ ላይ መነዳት አለበት?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ከራሴ መኪና የመነጨ ነው። ፒክአፔን ለዐለትና ለጭቃ ሳዘጋጅ የፋብሪካውን ጎማ አውጥቼ 37 ኢንች፣ ማለትም 94 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ጎማ ገጠምኩ። ይህ ጎማ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር፣ ወይም አንደኛው እግር ዐለት ላይ ወጥቶ ሞላው ሲታመቅ፣ ከፓራፋንጎው፣ ማለትም ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ላሜራ ጋር ይፋተጋል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የላሜራው ጠርዝ የጎማውን ጎን ቀዶት ጫካ ውስጥ አድሬአለሁ። በዚህ ምክንያት አራቱንም ፓራፋንጎዎች ፈታሁ። ሆኖም ወደ ጫካው የምደርሰው አንድ ሰዓት ያህል በአስፋልት ነድቼ ነው። ይህ ሊከለከል ይገባል ወይስ የባለንብረቱ ምርጫ ነው? እኔ ምርጫ ነው ባይ ነኝ፤ ፍሬኔና መሪዬ እንደ ቀድሞው ናቸው፣ ፓራፋንጎ ደግሞ መኪና አያቆምም፣ አያዞርም።

ሞተር ብስክሌት የምትነዳ፦
የባለንብረቱ ምርጫ የሚባለው መዘዙ በባለንብረቱ ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። እርስዎ ከጫካ ሲወጡ በጎማው ጥርስ መካከል የተሸከሙት ጭቃ ፍጥነት ሲጨምሩ ከኋላዎ ባለሁት በእኔ ላይ ይወርዳል። የመኪና መስታወት መጥረጊያ አለው፤ የራስ ቁሬ ግን የለውም። ቀኝ እጄ ነዳጅ መስጫው ላይ ስለሆነ ጭቃውን የምጠርገው በግራ እጄ ጓንት ነው፤ እሱም መጀመሪያ ያሰፋዋል እንጂ አያጸዳውም። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የምነዳው በትውስታ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላ የፒክአፕ ባለቤት፦
የእህታችንን ስጋት አላቃልልም፤ ነገር ግን ጥፋቱን በትክክለኛው ቦታ እናድርገው። ፓራፋንጎው ሙሉ የሆነ ከባድ የጭነት መኪና በዝናብ ቀን የሚረጨው ውኃ ከማንኛውም ፒክአፕ ይበልጣል። በተጨማሪም ከኋላ የሚመጣን መኪና መስታወት የሚሰብረው ጠጠር በአብዛኛው ከጎማው የታችኛው ክፍል የሚወጣ ነው፤ የላይኛው ላሜራ አይደርስበትም። ከመንኮራኩሩ ኋላ የሚንጠለጠለው ላስቲክ እስካለ ድረስ ላሜራው ጌጥ ነው።

መካኒኩ፦
ከዚህ ንግግር ግማሹ ትክክል ስለሆነ ግማሹ ሊያሳስት ይችላልና ጉዳዩን ከጎማው አሽከረካከር ብንጀምር ይሻላል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መሬት የነካው የጎማ ክፍል ለዚያች ቅጽበት ከመሬቱ አንጻር ቆሞ ነው፤ አናቱ ግን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የሚለቀቅ ጠጠር ወደ ፊት ያለው ፍጥነት አነስተኛ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣው መኪና ራሱ ሄዶ ይጋጨዋል። ይህን የሚይዘው፣ እንደተባለው፣ ላስቲኩ ነው። ጭቃው ከአክስሉ ትይዩ ከኋላ ሲለቀቅ ደግሞ መኪናው ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም አየሩ ስለሚያዘገየው ወደ ኋላ ይቀርና በተከታዩ ላይ ይዘንባል። የሞተር ነጂዋ የነገረችን ይህንን ነው፤ ላስቲኩም ለዚህ አይረዳም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማንም ያላነሳው ነው። ከጎማው አናት የሚለቀቀው ወደ ፊት ይወረወራል። የፊት ፓራፋንጎ ከሌለ ያ ጭቃ ከመኪናው ቀድሞ ይሄድና አየሩ ሲያዘገየው መኪናው ይደርስበታል፤ ማለትም ባለቤቱ የራሱን ጭቃ በራሱ የፊት መስታወት ላይ ይቀበላል። ጠጠር ከሆነና ከፊት ለፊት ሌላ መኪና በተመሳሳይ ፍጥነት እየመጣ ከሆነ፣ አየሩ እስኪያዘገየው ድረስ፣ ሁለቱ የሚቀራረቡበት ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ላሜራውን ጌጥ ማለት የሚከብደኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተር ብስክሌት የምትነዳ፦
በመጨናነቅ መካከል ጎን ለጎን ስንሄድስ? ፓራፋንጎ ቢነካኝ ይገፋኛል ወይም ይጭረኛል። የተራቆተ ጎማ የፊት ገጹ ወደ ታች ስለሚዞር እግሬን ወደ ሥሩ ይጎትተዋል።

መካኒኩ፦
ትክክል ነው። ጎማቸው ክፍት በሆነ የእሽቅድምድም መኪኖች ዘንድ የአንዱ ጎማ የሌላውን ጎማ ሲነካ መኪናው ወደ አየር የሚነሳው በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው።

የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያ፦
ሕጉን በሚመለከት፣ የብዙ አገሮች ድንጋጌ የፋብሪካውን ላሜራ ሳይሆን ሥራውን ነው የሚጠይቀው። በብሪታንያ የ1986 የተሽከርካሪ አሠራርና አጠቃቀም ደንብ በቁጥር 63 የሚፈልገው በመንኮራኩሩ መዞር የሚወረወረውን ጭቃና ውኃ በተቻለ መጠን የሚይዝ ክንፍ (ፓራፋንጎን ማለቱ ነው) ወይም መሰል ነገር መኖሩን ነው። የጀርመን ደንብ በአንቀጽ 36ሀ በቂ ሥራ የሚሠራ ሽፋን ይላል፤ የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 27600ም ፓራፋንጎን፣ ሽፋንንና ላስቲክን በአማራጭነት ይዘረዝራል። ልኬት የሚያስቀምጠው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ ለመንገደኛ መኪኖች ወጥቶ እስከ 2014 በሥራ ላይ በነበረው 78/549 መመሪያ መሠረት ሽፋኑ ከአክስሉ መሃል ወደ ፊት 30፣ ወደ ኋላ 50 ዲግሪ ባለው ቅስት ውስጥ የጎማውን ሙሉ ስፋት መሸፈን፣ የኋላ ጠርዙም ከአክስሉ ከፍታ ከ150 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይቀር መውረድ ነበረበት። ስለዚህ «የፋብሪካውን ላሜራ ማንሳት ወንጀል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት በቦታው ምን እንደተተካ ነው፤ የእርስዎ መልስ ደግሞ እስካሁን «ምንም» ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ወደ ፊት ስለሚወረወረው ጭቃ የተባለውን አልክድም። መስታወቴ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቆሽሽ ሲገርመኝ ኖሯል፤ ከፊቴ በሚሄዱት መኪኖች አሳብቤ ነበር። የላሜራው ጉዳት ግን አሁንም እውነት ነው፤ ጎማ በተቀደደበት ጫካ ማደር ለማንም አልመኝም። በቀጭን ቧንቧ የተሠራ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥና ጠፍጣፋ ላስቲክ የተወጠረበት ሽፋን ብገጥም ትቀበሉታላችሁ?

መካኒኩ፦
እኔ እቀበለዋለሁ፤ ቢፋተግም ላስቲኩ ይታጠፋል እንጂ ጎማ አይቀድም። ከዚያ በፊት ግን አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገታውን የላስቲክ ማቆሚያ በረዘመ ይተኩ፤ መፋተጉ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። መኪናውን እጅግ ከፍ ማድረግ ግን አልመክርም፤ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ባለ ቁጥር በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። መብራትዎንም ይፈትሹ። በ2018 ሞዴል እንደመጣው ጂፕ ራንግለር ባሉ መኪኖች የፊት ፍሬቻው ራሱ ፓራፋንጎው ላይ ስለሆነ፣ ፓራፋንጎውን የፈታ ሰው ሳያስበው ፍሬቻውንም ፈትቷል።

ሌላ የፒክአፕ ባለቤት፦
ቧንቧና ላስቲክ ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም፤ ጌጥ ያልኩትንም አነሳለሁ።

ሞተር ብስክሌት የምትነዳ፦
ስፋቱስ? ጎማው ከሽፋኑ ውጭ ከወጣ ለእግሬ የተለወጠ ነገር የለም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ለክቼዋለሁ፤ ያሰብኩት ላስቲክ በእያንዳንዱ ጎን 4 ሳንቲ ሜትር ያጥራል።

የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያ፦
እንግዲያው ላስቲኩን ያስፉት። ሲለኩም መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ጋቢና ውስጥ ከጎንዎ አንድ ሰው አስቀምጠው ይሁን፤ ባዶ ሆኖ የተለካ መኪና ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ስለሚል ልኩን ይቀይራል።