ላሊበላ በወለምታ እግር፦ የቱን እናስቀድም፣ የቱን እንተው?

የእናቷ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የ64 ዓመት እናቴን ለገና ላሊበላ ላደርሳት ተሰናድተናል። ከአምስት ሳምንት በፊት ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ራጅ ተነስታለች። አጥንት አልተሰበረም፣ በውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው የተጎዳው ተብሏል። ቤት ውስጥ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፤ ደረጃ ስትወርድ ግን ግድግዳ ካልያዘች አይሆንላትም፣ ማታ ማታም እግሯ ያብጣል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጾሟን ደግሞ በምንም አታፈርስም። 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ማዳረስ ይቻላል? ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያምስ በበቅሎ ይሆናል? ከመሄዳችን በፊት ወጌሻ ይያት የሚሉኝም አሉ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ላስታ በእግሬ፦
እህቴ፣ እንኳን አሰባችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ፦ ላሊበላ ላይ ርቀቱ አያስቸግርም። አብያተ ክርስቲያናቱ ከመሬት በታች ስለተፈለፈሉ እያንዳንዱ ጉብኝት የሚጀምረው በመውረድ ነው። ድንጋዩ በስንት መቶ ዓመት የሰው እግር ለስልሷል፣ ደረጃው እኩል አይደለም፤ አንዱ ጉልበት ድረስ ነው፣ ሌላው ጣት የማይሞላ። መደገፊያ ብረት በአብዛኛው የለም።

በሁለት ቀን ይከፈል። መጀመሪያ ቀን ጠዋት የሰሜኑ ክፍል ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ትልቁ ነው፣ ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር ይጠጋል፣ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ዞር ብለው ማረፍ ይችላሉ። ከዚያ በአጭር መተላለፊያ ቤተ ማርያም ይደረሳል። እዚያ ግቢ ውስጥ ከተቀመጡ ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል በግድግዳው ላይ የተፈለፈሉ ስለሆኑ በአንድ መውረድ ሦስት ቤተ ክርስቲያን አዩ ማለት ነው። ለታመመ እግር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉት። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡበትም፣ ስለዚህ እሱ ከእናትሽ ድካም ተቀንሷል።

ዮርዳኖስ ከሚባለው የላሊበላ ቦይ ማዶ ያለው የምሥራቁ ክፍል ይከብዳል። ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን አስቀድሙ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል የሚያሻግረውን ጨለማ ዋሻ ግን ተዉት። ምእመናን የሲኦል ምሳሌ ነው እያሉ ያለ መብራት በእጃቸው ግድግዳ እየዳሰሱ ያልፉታል፣ ለእሳቸው አሁን አይሆንም። አስጎብኚያችሁን «በውጭ በኩል አዙረን» በሉት፣ መንገዱን ያውቃል።

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአፋፉ አይተው ቢመለሱ ይበቃል እላለሁ። ያ በፎቶ የምናውቀው መስቀል እንደሆነ የሚታየው ከላይ ነው።

ፊዚዮ ነኝ፦
ላስታ በእግሬ ዋናውን ተናግሯል። ዋሻው ላይ የሰጠው ምክር ለምን ትክክል እንደሆነ ልጨምር። ወለምታ ጅማቱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ እግር በየትኛው አቅጣጫ እንዳጋደለ ለአእምሮ የሚነግሩትን ጥቃቅን ነርቮችም ያደነዝዛል። በዓይን እያየን ስንራመድ ዓይን ያንን ያካክሳል። ጨለማ ውስጥ ግን የሚያካክስ የለም፣ እግር ባልታሰበ ጎድጓዳ ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ለማረም ይዘገይና ያው ቦታ እንደገና ይታጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገቡም እንደዚሁ ነው። ከፀሐይ ወደ ውስጥ እንደገቡ ሁለት ደቂቃ በሩ ላይ ቆመው ዓይን ጨለማውን ይልመድ፣ ከዚያ ከፍ ያለውን የበሩን መድረክ ይሻገሩ።

ከመጓዛችሁ ከሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ይሞክሩት። በባዶ እግር፣ አጠገባቸው ወንበር አድርገው፣ በቀኙ እግር ብቻ 10 ሰከንድ መቆም። ከዚያ የአንድ ፎቅ ደረጃ መውረድ። በሌላ ቀን 30 ደቂቃ ኮረኮንች መንገድ ላይ መሄድ። ፍርዱ ያን ማታ አይሰጥም፣ በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሲነሡ እብጠቱ ካልጎደለ ወይም አጥንቱን ሲነኩት የሚያማቸው ከሆነ ጉዞው ይዘግይ፣ ሐኪምም ይያቸው።

ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ በኩል ነው፤ የእሳቸው ቀኝ ስለሆነ በግራ እጅ። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፣ ያኔ ክብደቱ ሁሉ የሚወድቀው በታመመው ጎን ላይ ነው። ምርኩዙ ቁመቱ ክንድ ተንጠልጥሎ ከእጅ አንጓ እኩል ይሁን፣ ጫፉ ጎማ ይኑረው። መቋሚያ ለቅዳሴ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ትከሻን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጫፉ ብረት ከሆነ ደግሞ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ያዳልጣል።

የሚደግፋቸው ሰው ክንዳቸውን እንዳይጎትት። ሲወርዱ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ይቁም፤ ትከሻውን እሳቸው ይያዙ። የሐበሻ ቀሚስ ከለበሱ መቀነታቸው ጠበቅ ብሎ ይታሠር፣ ሲንገዳገዱ መያዝ ያለበት እዚያ ነው፤ ክንድ ከተያዘ የሚደገፈው ሰው ዞሮ ይወድቃል። የቀሚሱም ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከፍ ይበል። ወደ ታች ሲወረድ ተረከዝ ቀሚስ ይረግጣል።

ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ግን ከላስታ በእግሬ በትሕትና እለያለሁ። አወራረዱ በአብዛኛው ተዳፋት ነው፣ ከፍታቸው የተዘባረቀ ደረጃዎች ያህል አይከፋም። ችግሩ በልማድ የጉብኝቱ መጨረሻ መሆኑ ላይ ነው። እግር አብጦ፣ ጡንቻ ዝሎ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት መውረድ ነው የሚጥለው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ከሁሉም በፊት ይሁን። ፈተናውን ቤት ውስጥ ካለፉ ይወርዳሉ።

ላስታ በእግሬ፦
እውነት ነው፣ ጠዋት ከሆነ እስማማለሁ። ሰውም ያን ጊዜ ይቀንሳል። ቀትር ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ስለሚዘጋ ያን ሰዓት ለመተኛትና እግር ከፍ አድርጎ ለማሳረፍ ተጠቀሙበት።

ባለ መድኃኒት ቤት፦
ማንም ያላነሣው መድኃኒቱ ነው። ለእግር ሕመም ሁሉም የሚገዛው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ሁለቱም የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ጨጓራ ያቃጥላሉ። በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ለማይቀምስ ሰው ጠዋት ይህን መዋጥ አደጋ ነው። ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል፤ ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ የጉበት ችግር ካለባቸው ያነሰ ነው፣ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ደግሞ ከመውረዳቸው በፊት «እንዳያመኝ» ብለው አይውሰዱ። ሕመሙ ነው አቁሚ የሚላቸው።

ወጌሻውን በተመለከተ፦ አጥንቱ እንዳልተሰበረ ታውቋል፣ ጅማቱ አምስት ሳምንት ሲጠግን ቆይቷል። አሁን ታሽቶና ተጎትቶ «ቦታው ይመለስ» ከተባለ ሊያያዝ የነበረው እንደገና ይላቀቃል። ቦታውን የለቀቀ ነገር የለም።

ፊዚዮ ነኝ፦
ትክክል። ለመታሸት የሚሄዱበትን ጊዜ ለማሰልጠን ያውሉት፤ ወንበር ይዘው ተረከዝ ማንሣት፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።

ላስታ በእግሬ፦
አሸተን ማርያምን ረስቼው ነበር። በቅሎው ይወጣል፣ ግን ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ከበቅሎ ሲወረድ ግራ እግር እርካብ ላይ ሆኖ መሬት ቀድሞ የሚነካው ቀኝ እግር ነው፤ የእሳቸው የታመመው ማለት ነው። በትልቅ ድንጋይ ላይ ካላወረዷቸው ሙሉ ክብደታቸው በዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ በቅሎው ባዶውን ይሄዳል፣ ሰው ይወርዳል። ለዚህ ጉዞ ይቅር። ከከተማው ውጭ ካስፈለጋችሁ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ያለው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይሻላል፣ መኪናው ካወረዳችሁ በኋላ የሚቀረው አጭር መንገድ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን የድንጋይ ደረጃው ብዙ ነው።

ስለ ቀኑም ላንሣ። የገና ዋዜማና ታኅሣሥ 29 ጠዋት፣ በተለይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ሲቀርብ ቤተ ማርያም ዙሪያ ሰው በሰው ላይ ነው። አፋፉ ሁሉ ይሞላል፣ የሰው እግር ይረገጣል፣ ደክሞኛል ብሎ መውጣት አይቻልም። ከቻላችሁ በገናና በጥምቀት መካከል ባለው ሳምንት ሂዱ። ቦታው ያው ነው፣ ካህናቱም አሉ፣ የነቢያት ጾምም ስለተፈታ እናትሽ መድኃኒታቸውን ከምግብ ጋር ይወስዳሉ።

የእናቷ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀኑን ወደ ጥር 5 አዛውረናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ በየበሩ ጫማ ይወልቃል፣ ታዲያ እግሯ ሲታሠር እንዴት ይሆናል?

ፊዚዮ ነኝ፦
ጥሩ ጠየቅሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጎንና በጎን ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ማሰሪያ ጫማ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው የሚጸናው፤ ጫማ ሲወልቅ ይወዛወዛል። በክር የሚታሠረው የጨርቅ ማሰሪያ ወይም ላስቲክ ፋሻ ይሁን። ስፋቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ያለውን ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምሪ፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን፣ በቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደ ስምንት ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ አሻግሪው፣ ተረከዙን አትተዪ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ጠብቋል፣ ፍቺው። ማታ ሲተኙ ይፈታ። በላዩ ወፍራም ካልሲ፣ ከታች የጎማ ነጠብጣብ ያለበት ይሁን፤ ተራ ካልሲ በድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል።

ጫማው ተረከዝ የሚይዝ፣ በቬልክሮ የሚዘጋ ይሁን። ክር ያለው በየበሩ ማጎንበስ ነው፣ ተንሸራታቹ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ያመልጣል። ሲያወልቁ ቆመው አይሁን፣ በርጩማ ይዘሽ ሂጂ።

ላስታ በእግሬ፦
በየበሩ ጫማ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። በርጩማውንም ይዘውልሽ ይዞራሉ፣ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሪ። ማታ ሆቴል ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ 15 ደቂቃ አድርጊላቸው፣ እግራቸውን ከልባቸው ከፍ አድርገሽ በትራስ ላይ።