ከአባባና ከልጄ ጋር የቆየች ሆንዳ ልናስነሳ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ሰንሰለት፦

ሰላም ለሁላችሁም። አባባ በወጣትነታቸው የነዷት እ.ኤ.አ. የ1972 ሆንዳ ሲቢ 350 ሞተር ሳይክል አለችን። ለብዙ ዓመት ሸራ ለብሳ ቆማ ነው የኖረችው። አሁን ልናስነሳት ተስማምተናል። ተስማምተናል ስል ግን "ትነሳ" በሚለው ላይ ብቻ ነው።

አባባ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ተፈታ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች እንድትሆን ይፈልጋሉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ቁልፍ ከያዘች የማትፈታው ነገር የለም። ባለቤቴ ደግሞ "ልጄን ከኋላ ጭነህ ከመውጣትህ በፊት ፍሬኑን አሳየኝ" ብላ አቋሟን አስታውቃለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ዘይት ከመቀየር ያለፈ ልምድም የለኝም።

ያለችበት ሁኔታ ይሄ ነው። የማስነሻ ፔዳሉ ሲረገጥ ንቅንቅ አይልም። ታንከሩ ሲከፈት የተበላሸ ቤንዚን ይሸታል፣ ውስጡም ዝገት ነው። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። ሽቦው ላይ የሆነ ሰው እጁን አስገብቶበታል፤ ፕላስተር በፕላስተር ነው። ክሮሙ ግን ይገርማችኋል፣ ደህና ነው።

ሁሉንም እንፍታ ወይስ ቀስ እያልን እንሂድ? አያት፣ አባትና ልጅ አንድ ሞተር ላይ ሳይጣሉ የሚሠሩበት ዘዴ ያለው ሰው ካለም ይንገረኝ።

ብርጭቆ ወረቀት፦

አባትህ ልክ ናቸው። ሁሉንም ፍታ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ በየፌስታሉ ለያይና ጻፍበት። ፍሬሙን እስከ ብረቱ ፍቀህ አንቲሩጂኒ (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባው። የተሸፈነ ዝገት ነገ ተመልሶ ይመጣል። ግማሽ ሥራ ሁለቴ ያደክማል።

የፒስቶን እናት፦

ወንድሜ ብርጭቆ ወረቀት ቅር አይበለውና እኔ አልስማማም። ብቻህን የምትሠራ ብትሆን "ፍታው" እልህ ነበር። ከቤተሰብ ጋር ግን ተፈቶ ካርቶን የገባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። "ፕሮጀክት" ተብለው የሚሸጡትን እስቲ ተመልከቷቸው፤ ግማሾቹ አንድ ሰው በሙሉ ልብ ፈትቷቸው መልሶ ያልገጠማቸው ናቸው። ልጅ ደግሞ ድምፅ መስማት ትፈልጋለች። ዓመት ሙሉ ብረት ስትፍቅ ውላ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየች ትሰለቻለች፣ አይፈረድባትም።

እኛ ቤት ከባለቤቴና ከሁለት ወንዶች ልጆቼ ጋር ስንሠራ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይዙር፣ ቀጥሎ ፍሬኗ ይዞ ትቁም፣ ከዚያ ትሂድ። ማሳመሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ለአባትህም እንዲህ ብለህ ንገራቸው፤ ቀለሙ አልተሰረዘም፣ ተራው ገና ነው። ደግሞ በእኔ ዓይን የዚያ ዘመን ፋብሪካ ቀለም፣ ጭረቱም ጭምር፣ ካልላጠ በቀር ባይነካ ይሻላል። አዲስ ቀለም መቼም መቀባት ይቻላል። የድሮው ከተፋቀ ግን አለቀ።

እንዳትዞር የያዛት ምናልባት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ዝገት ነው። በጉልበት ፔዳል እንዳትረግጥ፤ የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም ካንዴላ አውጣ። በየቀዳዳው የማርሽ ዘይት ሳይሆን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ ጨምርና ለቀናት ተዋት። ከዚያ የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙ። ትንሽ ነቅነቅ ካለች ድል ነው፣ ዘይት ጨምረህ ድገም። ስትላቀቅ ካንዴላ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣሉበት፣ ፊታችሁንም አርቁ። ያ ዘይት ወደ ዓይን ነው የሚተፋው።

አሁን ሁሉም ሰው የሚያልፈውን ነገር ልንገርህ። የጃፓን ሞተር የመስቀል ቡሎኖች ለተራው የመስቀል ካቻቪቴ የተሠሩ አይደሉም። ጄአይኤስ የሚባል የጃፓን ልክ ነው። ተራውን ስታስገባበት የተገጠመ ይመስላል፤ ስታጠብቀው ግን ወደ ላይ ይገፋህና ራሱን ይበላዋል። የድሮ ሆንዳ ሁሉ የቡሎኑ ራስ ክብ ጉድጓድ ሆኖ የምታየው በዚህ ነው። ልጅህ ምንም ከመንካቷ በፊት የጄአይኤስ ካቻቪቴ ግዛላት። እምቢ ላለው በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ዓይነት ተጠቀሙ። ልጆቼ ከሁሉም ሥራ የሚወዱት እሱን ነው፣ መምታት የተፈቀደበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ።

ፍሬኑን የሚፈታው ግን አዋቂ ይሁን። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ነገር) ነበረበት። ከበሮው ውስጥ ያለውን አቧራ በአየር እንዳትነፉት፣ በአፍም እንዳትሉት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ትሁን።

ጎማው ላይ አትከራከር፣ ይቀየራል። ልጅህ ዕድሜውን ከጎኑ ላይ ታንብብልህ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ከሆነ አራት አኃዝ አለው፤ 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኘች ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ እንኳን ሰው ሊጭን። ጎማው ሲቀየር ካላማዳሪያውም አብሮ ይቀየር።

ፊውዝ፦

ሽቦውን በተመለከተ፤ ያንን ፕላስተር ሁሉ ላጥና ከፋብሪካው ሥዕል ጋር አስተያየው። በሆንዳ አረንጓዴው ወደ ቦዲ የሚሄደው ኔጋቲቭ ነው። ቀዩ ከባትሪ ይመጣል፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ይይዛል። እነዚህን ሦስቱን ከያዝክ ግማሹ ችግር ይገለጥልሃል። አዲስ ሽቦ ለመግዛት አትቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው መገጣጠሚያው ላይ ያለው አረንጓዴ ዝገትና ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው። አንድ በአንድ ነቅለህ አጽዳ። ለልጅ የሚመች ሥራ ነው፣ መልቲሜትር አሲዛት።

ፑንቲናውንም (የካንዴላው እሳት እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን) አባትህ ያስተካክሉት። ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። የዚያ ዘመን ሰው በጆሮው ይሰማዋል፣ አንተ በመለኪያ ታረጋግጣለህ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ሥራውም ይሠራል።

ሰንሰለት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፒስቶን እናት፣ ዞረችልን! አባባ ማርሿን ይዘው፣ እኔ ጎማውን፣ ልጄ ጨርቁን። ጨርቁን ባትጥል ኖሮ ግድግዳው አልቆ ነበር። አባባ ስለ ቀለሙ አልመለሱልኝም፤ ዝም ብለው ታንከሩን በሰም እየወለወሉ ነው። እንግዲህ ተስማምተዋል ብዬ ወስጄዋለሁ።

የታንከሩን ውስጥ በምን ልጠበው? ሌላው ጥያቄ የባለቤቴ ነው። ልጅቷ ከኋላ መቼ ትቀመጥ?

የፒስቶን እናት፦

እሰይ! ታንከሩን በነጭ ኮምጣጤ ሙላው። የቤንዚን መዝጊያውን አስቀድመህ አውጣና ቀዳዳውን ድፈነው። ለአንድ ሁለት ቀን ተወው። ዝገቱ ወፍራም ከሆነ ጥቂት ዳዶ ከትታችሁ ናጡት፤ ዳዶዎቹን ግን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውኃ አሲዱን አርክሱ፣ አጥባችሁ ቶሎ አድርቁ። ደርቆ ባዶውን ካደረ ጠዋት እንደገና ቀልቶ ታገኘዋለህ። እዚያው ትንሽ ዘይት ጨምረህ በሁሉም ጎን አገላብጠው።

ከመነሳቷ በፊት አንድ ነገር እንዳትረሳ። ይቺ ሞተር እንደዛሬዎቹ የወረቀት የዘይት ማጣሪያ የላትም። ቆሻሻውን በሽክርክሪት የሚለይ ትንሽ ጽዋ አላት፣ በቀኝ በኩል ካለችው ክብ ክዳን ሥር። ካልተጠረገ ዓመታት የተጠራቀመ ጥቁር ጭቃ እዚያ ተቀምጧል። አዲስ ዘይት ጨምረህ እሱን ብትተወው ምን ዋጋ አለው?

ስለ ልጅቷ፣ ባለቤትህ ትክክል ናት። መጀመሪያ ብቻህን ንዳ፣ ቅርብ ቅርብ። የፊት ከበሮ ፍሬን እንደ ዲስክ አይደለም፤ አዲስ ሸራ እስኪላመድ ደካማ ነው፣ ደጋግመህ ስትይዘውም ሲግል ይለቃል። ማቆሚያ ርቀቱን ሰውነትህ ይልመደው። ከዚያ ልጅቷን ቆማ ባለች ሞተር ላይ አስቀምጣት። ሁለቱም እግሯ የእግር መርገጫው ላይ በሙሉ ካላረፈ ገና ናት። ዕድሜ የሚወስነው ሕግም ስላለ የሚመለከታችሁን አጣሩ። ሄልሜቱ የራሷ ልክ ይሁን። አስራው ከኋላ ወደ ላይ ስትገፋው ከወለቀ ትልቅ ነው፤ "ታድግበታለች" ብሎ ነገር የለም። ትከሻ ሁለቴ መታ ማለት "አቁም" ነው ብላችሁም ተስማሙ። ነፋስ ውስጥ ድምፅ አይሰማም።

ብርጭቆ ወረቀት፦

የታንከሩ ነገር ተሳካ ማለት ቀለም አያስፈልገውም ማለት አይደለም ግን 😄

ሰንሰለት፦

አባባም ከኋላዬ ሆነው አንብበው "እሱ ሰውዬ ያውቃል" አሉ።

አሁን ካርቡራተሩ ጋ ነን። ልጄ ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትታ፣ የግራውን በግራ የቀኙን በቀኝ፣ አንድም ነገር ሳይቀላቀል ደርድራዋለች። ጎማ መሰል ስስ ሽፋን አላቸው። አንዱ የጠነከረ ይመስላል። መቀየር አለበት?

የፒስቶን እናት፦

ወደ መብራት ይዛ ቀስ አድርጋ ትለጥጠው። መርፌ የምታህል ብርሃን ካየች ይቀየራል፤ ያ ጎን አየር እየሳበ ጋዝ ስትሰጠው አይነሳም። ብርሃን ከሌለ ገጥማ የካርቡራተሩን ፒስቶን በጣት ወደ ላይ ታንሳው፣ ከሥር ያለችውን የአየር ቀዳዳ በአውራ ጣት ዘግታ ትልቀቀው። ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ዱብ ካለ ሁለቱንም ቀይሩ። የነዳጅ ቀዳዳዎቹን ደግሞ በሽቦ እንዳትወጋ፣ ነሐሱ ለስላሳ ነው። በማጽጃ ስፕሬይ ትንፋ፣ መነጽር አድርጋ።