ባለ 40 ሞተሬ ካሜራዳሪ መጎተት አቃተው

ሐዋሳ ነኝ። 5 ሜትር ከ20 የሆነች የፋይበር ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሯ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት። ሁለት ሰው ስንሆን ከአሞራ ገደል ተነስታ ትበራለች። አምስት ሰው ጭኜ፣ በተነፋ የአይሱዙ ካሜራዳሪ ልጆች ስጎትት ግን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ውሃውን እያረሰች ትቀራለች።

ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተር አስጠረግኩ። ለውጥ የለም። መካኒኩማ «ሐይቁ ከብዷት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ብሰጣትም ሞተሯ በደቂቃ ከ4,200 ዙር አታልፍም፤ ማኑዋሉ ከ5,000 እስከ 6,000 ይላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በስስ አየሩ ሞተሩ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። 40 ያልኩት 34 ሆነ ማለት ነው።

ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር 13 ፒች ነው (ፒች ማለት በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት በኢንች ነው)፤ ጀልባዋ እስከ 70 ፈረስ ጉልበት ትችላለች። ፕሮፔለሩን ወደ 11 ፒች ብቀይር ይበቃኛል ወይስ ባለ 60 ሞተር ልግዛ?