የድራስቲክ ካርታና የናይትሬት ልኬት አልገጥም አሉኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ያለውን ተጋላጭነት የሚያሳይ ካርታ በድራስቲክ (ሰባት የመሬት መረጃዎችን በነጥብና በክብደት ደምሮ ተጋላጭነትን የሚገምት ዘዴ) እየሠራሁ ነው። ሰባቱንም መረጃዎች ደርቤ ጨርሻለሁ፤ ግን ካርታው ተጋላጭነቱ «ዝቅተኛ» ነው ባለው ቦታ ያሉት ጉድጓዶች ናይትሬታቸው (ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ የሚመጣው በካይ) ለመጠጥ ውሃ ከተቀመጠው ጣሪያ፣ ከ50 ሚሊግራም በሊትር፣ በላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካርታውን ለመጣል አትቸኩል። ድራስቲክ የሚነግርህ የመሬቱን ተፈጥሮ ብቻ ነው፤ የውሃውን ጥልቀት፣ ከላይ የሚሰርገውን ውሃ፣ አፈሩን፣ ዓለቱን፣ ተዳፋቱን ምናምን። ላዩ ላይ ምን እንደተደፋ አያውቅም። የመጸዳጃ ጉድጓድና ማዳበሪያ ከበዛ «ዝቅተኛ» የተባለውም መሬት ቀስ እያለ ይበከላል። የመሬት አጠቃቀሙን ደርብበትና የስጋት ካርታ ለብቻው አውጣ።

መልስ፦ እኔ ብሆን መጀመሪያ ጉድጓዶቹን ሄጄ አያለሁ። አፉ ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ከተሰነጠቀ ጎርፉ በቧንቧው ጎን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ያኔ ናይትሬቱ የሚናገረው ስለ ጉድጓዱ እንጂ ስለ መሬቱ አይደለም። ደግሞ የውሃው ጥልቀት መቼ ነው የተለካው? በድራስቲክ ስሌት ክብደቱ 5 ነው፣ የተዳፋት ግን 1 ብቻ። በደረቅ ወቅት ውሃው ወደ ታች ስለሚርቅ፣ ያኔ ብቻ ከተለካ ውጤትህን ያለአግባብ ዝቅ ያደርገዋል።

መልስ፦ ዓለቱ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ግን ድራስቲክ ብዙም አያዋጣም። ውሃው በስንጥቅና በዋሻ ስለሚሮጥ አፈሩ ለማጣራት ጊዜ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት የተሠራውን ኢፒክ የተባለውን ዘዴ ሞክር።

ጠያቂው፦ በጣም አመሰግናለሁ! ዓለቱ ባዛልት ነው። የጥልቀቱን ቀን አሁኑኑ አያለሁ።